የምቱን ሲሶ የሚያውቅ ማሚቶ፦ የጊታር ዲሌይ መቆጣጠሪያ ፔዳል በሐዋሳ መሥራት

የጊታርን ድምፅ ተቀብሎ ከጥቂት ቆይታ በኋላ መልሶ የሚያሰማው መሣሪያ በሙዚቀኞች ዘንድ ዲሌይ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «ማሚቶ» የሚለው ቃል መሣሪያው የሚመልሰውን ድምፅ፣ «የማሚቶ ጊዜ» ደግሞ በመነሻው ድምፅና በምላሹ መካከል ያለውን ቆይታ ያመለክታል። የጽሑፉ ዓላማ ይህን ጊዜ በእግር የሚወስን መቆጣጠሪያ ፔዳል በሐዋሳ ከተማ ሊገኙ ከሚችሉ ዕቃዎች እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ከሽቦውና ከብየዳው በፊት መልስ የሚሻ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ፔዳሉ የዘፈኑን ምት በስንት ይከፍላል የሚለው ነው።

ጥያቄው የሚነሳው ከከተማዋ የሙዚቃ ልማድ ነው። በሐዋሳ የምሽት መድረኮች የሚጫወት ጊታር ተጫዋች በአንድ ምሽት ከትዝታ ወደ ችክችካ፣ ከችክችካ ወደ ሲዳማና ወላይታ ዘፈኖች፣ ከዚያም ወደ ሬጌ ይሻገራል። ሬጌው ለአካባቢው ሩቅ እንግዳ አይደለም። ከሐዋሳ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሻሸመኔ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካ የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፍረው መኖር ከጀመሩ ግማሽ ምእት ዓመት አልፏል። እንግዲህ አንድ ተጫዋች በአንድ ጊታርና በአንድ ዲሌይ ሁለት የተለያዩ የምት ዓለሞችን ማገልገል አለበት ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣው ፔዳል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ውድ ነው። ዋጋው ቢቀር እንኳ ከሁለቱ ዓለሞች በደንብ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ምቱ በስንት ይከፈላል?

በገበያ ያሉ ዲሌዮች የማሚቶ ጊዜን የሚቀበሉት በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በእጅ የሚስተካከል ማዞሪያ ነው። ሁለተኛው ተጫዋቹ ከዘፈኑ ምት ጋር እየረገጠ መሣሪያውን የሚያስተምርበት የእግር ቁልፍ ነው፤ መሣሪያው በርግጫዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል፣ የለካውንም በአንድ ክፍልፋይ አባዝቶ የማሚቶ ጊዜ ያደርገዋል። ክፍልፋዩ ብዙውን ጊዜ አንድ ሙሉ፣ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ ነው። ከዚህ አሠራር ጀርባ ያለው ግምት ምት ሁሉ ለሁለትና ለአራት ይከፈላል የሚል ነው። የሦስትዮሽ ክፍፍልን የያዙ ዲሌዮችም አሉ፤ ነገር ግን ምርጫው በአብዛኛው በእጅ የሚደረግ በመሆኑ ተጫዋቹ በዘፈን መካከል ጎንበስ ማለት ይኖርበታል። ጎንበስ ባለ ጊዜ ደግሞ እጁ ከጊታሩ ይለያል።

ችክችካ ከዚህ ግምት ውጪ የቆመ ነው። አንዱ ዙር ስድስት ንዑስ ምቶች አሉት፤ እነዚህም በሁለት ዐበይት ምቶች ሥር ሦስት ሦስት ሆነው ይመደባሉ። አድማጭ በእግሩ የሚረግጠው ዐበይቱን ምቶች ሲሆን ከበሮውና ክራሩ ውስጡን ይሞላሉ። ልዩነቱን በአኃዝ ለማየት በደቂቃ 120 ዐበይት ምቶች የሚሄድ ችክችካ እንውሰድ። አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ንዑስ ምቱ 166.7 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ከምቱ በኋላ ሁለተኛው ንዑስ ምት የሚያርፈው በ333.3 ሚሊሰከንድ ላይ ነው። ሦስት አራተኛን ብቻ የሚያውቅ ዲሌይ ግን ምላሹን በ375 ሚሊሰከንድ ያሰማል። ከበሮው በቦታው መትቶ ካለፈ ከ41.7 ሚሊሰከንድ በኋላ ማሚቶው ይደርሳል። ይህ ክፍተት በወረቀት ላይ ኢምንት ቢመስልም፣ እንደ ጊታር ክርና እንደ ከበሮ ያሉ ስለታም አነሳስ ያላቸው ድምፆች በዚህ ያህል ሲራራቁ ጆሮ አንድ አድርጎ አይቀበላቸውም። የሚሰማው የተደናቀፈ ጥንድ ምት ነው። ዘፈኑ በዘገመ ቁጥርም ክፍተቱ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ሁለት ሦስተኛና ሦስት አራተኛ ምንጊዜም የሚለያዩት በምቱ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ ነው።

ሁለት ሦስተኛ የተመረጠው ከከበሮው ጋር ላለመጋጨት ብቻ አይደለም። ማሚቶው በየሁለት ንዑስ ምት ሲመለስ በዙሩ ውስጥ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ዜሮ፣ ሁለት፣ አራት፣ ከዚያም ስድስት ይሆናሉ። ስድስተኛው የቀጣዩ ዙር መነሻ ነው። እንግዲህ ከበሮው ስድስቱን ለሁለት ሲከፍል ማሚቶው ያንኑ ስድስት ለሦስት ይከፍለዋል፤ በሦስተኛው ምላሽም ሁለቱ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁለትን ከሦስት ማጋጠም የችክችካ የራሱ ጠባይ ነው። አጨብጫቢው በአንዱ ሲሄድ ትከሻው በሌላው የሚሄድበት ጊዜ አለና። በትክክል የተለካ ማሚቶ ይህን ጠባይ ከአንዲት የጊታር ኖታ ብቻ ያወጣዋል። ባልተለካ ማሚቶ ግን ይኸው ጠባይ ይጠፋል። ብዙ ተጫዋቾች ችክችካ ሲጀምር ዲሌዩን በእግራቸው የሚያጠፉት ለዚህ ይመስለኛል።

በሬጌ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሦስት አራተኛ በቤቱ ነው። ማሚቶው በ0.75፣ በ1.5፣ በ2.25 እያለ በአራተኛው ምላሽ በሦስተኛው ምት ላይ ያርፋል፤ በመካከሉም ጊታሩ በሚተዋቸው ባዶ ቦታዎች ውስጥ እየተንከባለለ ያልፋል። የጃማይካን ደብ ሙዚቃ ካቆሙት አንዱ የሆነው ኪንግ ተቢ በሙያው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበር፤ የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች ራሱ እየሠራና እያሻሻለ ማሚቶን ከማጀቢያነት አውጥቶ ዋና ተጫዋች አደረገው። ይህን የማነሳው ነገሩን ለማስዋብ አይደለም። የዲሌይ ታሪክ ከጠጋኞች ጠረጴዛ ጋር የተያያዘ መሆኑ የሐዋሳን ጠጋኝም የሚመለከት ስለሆነ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የንድፍ ሐሳብ ቀላል ነው። ፔዳሉ በማኅደረ ትውስታው የሚይዘው መሠረታዊ መለኪያ የተረገጠው ምት ሳይሆን ንዑስ ምቱ መሆን አለበት። የተረገጠውን ምት ርዝመት መ፣ ምቱ የሚከፈልበትን ቁጥር ክ፣ ማሚቶው የሚጠብቃቸውን ንዑስ ምቶች ብዛት ቆ ብንላቸው፦

የማሚቶ ጊዜ = መ × ቆ ÷ ክ

ለችክችካ ክ 3 ቆ 2፣ ለሬጌ ክ 4 ቆ 3 ይሆናል። ተጫዋቹ ችክችካውን ለሦስት ከፍሎ መርገጥ ከመረጠ ደግሞ እያንዳንዱ ርግጫ ሁለት ንዑስ ምት ስለሚይዝ ክ 2 ሆኖ ቆ 2 ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ያው ቦታ ላይ ያርፋል።

የፔዳሉ አእምሮ

ስሌቱን የሚሠራው አርዱይኖ ናኖ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ በላዩ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ኤቲሜጋ328ፒ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በምህንድስና ተማሪዎች እጅ ብዙ ጊዜ ከሌላ ፕሮጀክት የተረፈ ስለሚኖር ለብቻው መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ከሰሌዳው ጋር ሁለት የእግር ቁልፎች ይያያዛሉ። አንዱ ምቱ የሚረገጥበት ነው። ሁለተኛው በችክችካና በሬጌ ክፍልፋዮች መካከል የሚያሸጋግር ሲሆን የትኛው እንደተመረጠ አረንጓዴና ቀይ መብራት ያመለክታሉ። የቀሩት ክፍልፋዮች በጎን በኩል ባለ አነስተኛ የእጅ ማብሪያ ከዘፈኑ በፊት ይመረጣሉ። ሦስተኛ የእግር ቁልፍ መጨመር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በጨለማ መድረክ ላይ ተጫዋቹ ሳያይ የሚያገኛቸው ቁልፎች ሁለት ቢሆኑ ይበቃል።

የእግር ቁልፍ ሲረገጥ የውስጥ ብረቱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚነጥር አንዱ ርግጫ እንደ ብዙ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ርግጫ ከተቀበለ በኋላ ለ50 ሚሊሰከንድ ያህል ሌላ እንዳይቀበል ይደረጋል። ሁለት ሰከንድ ሙሉ ርግጫ ካልመጣ ደግሞ ቆጠራው ከአዲስ ይጀምራል።

አማካይ የሚወሰድበት መንገድ ትንሽ ማብራሪያ ይሻል። የአምስት ርግጫዎችን አራት ክፍተቶች ደምሮ ለአራት ማካፈል የሁሉንም ርግጫ ስሕተት የሚያቃልል ይመስላል። ድምሩን ስንዘረዝረው ግን መካከለኞቹ ርግጫዎች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው የአምስተኛው ጊዜ ሲቀነስ የአንደኛው፣ ለአራት ሲካፈል ብቻ ነው። ስለዚህ ትክክለኛነቱን የሚወስኑት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ርግጫ ናቸው። እያንዳንዱ ርግጫ በክፉ ቀን 20 ሚሊሰከንድ ቢስት፣ ሁለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ ቢስቱ እንኳ በምቱ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከ40 ÷ 4 = 10 ሚሊሰከንድ አያልፍም። በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ ወደ 6.7 ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ብቻ ቢረገጥ ግን ያው ስሕተት 40 ሙሉ ይሆናል። ከተጫዋቹ የሚጠበቀው አራት ምት ቆጥሮ በአምስተኛው ላይ ማሳረፍ ነው፤ ባንድ ሲጀምርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለት መውጫዎች

የተሰላው ጊዜ ከመቆጣጠሪያው በሁለት መንገድ ይወጣል። የመጀመሪያው መንገድ ተጫዋቹ ቀድሞ የገዛው ዲሌይ ካለው የሚጠቅም ነው። ብዙ ዲሌዮች ለተጨማሪ የእግር ቁልፍ የሚሆን መሰኪያ አላቸው። የእኛ ፔዳል ተጫዋቹ የረገጠውን ምት ራሱ አያስተላልፍም፤ አስልቶ ያገኘውን ጊዜ እንደ ሰው እግር ሆኖ ለዲሌዩ «ይረግጥለታል»። ተጫዋቹ በ500 ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲረግጥ ፔዳሉ በ333 ልዩነት አራት ጊዜ ይረግጣል። ዲሌዩም ሩብ ኖታ የሰማ መስሎት ሳያውቀው ችክችካ ይጫወታል። ዲሌዩ ከሦስት አራተኛ ክፍልፋይ መውጣት የማይችል ከሆነ የሚላክለት ርግጫ የምቱ ስምንት ዘጠነኛ ይሁን፤ 500 ሚሊሰከንድ ወደ 444.4 ይለወጥና ሦስት አራተኛው 333.3 ይሆናል።

ርግጫውን የሚፈጽመው ፒሲ817 የተባለው ኦፕቶካፕለር ነው። ይህ ባለ አራት እግር ዕቃ በተበላሹ የስልክ ቻርጀሮች ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ቻርጀሩ ከሶኬት ተነቅሎና ትልቁ ካፓሲተር ከኤሌክትሪክ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ይፈታል። በመግቢያው በኩል 470 ኦም ሬዚስተር ከአርዱይኖ 5 ቮልት ጋር ሲያገናኘው 8 ሚሊአምፔር ያህል ይፈስሳል። በመውጫው በኩል ኮሌክተሩ ከመሰኪያው ጫፍ፣ ኤሚተሩ ከመሰኪያው አካል ጋር ይያያዛል። ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኘው ብርሃን ብቻ ስለሆነ የአርዱይኖው ጫጫታ በሽቦ ተሻግሮ ወደ ጊታሩ አይገባም።

(የሚዲ መሰኪያ ላላቸው ዲሌዮች ሌላ አማራጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የሚዲ ስምምነት አንዱን ሩብ ኖታ ለ24 ትርታ ይከፍላል። 24 ለሦስትም ለአራትም ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ነው፤ ሁለት ሦስተኛው 16፣ ሦስት አራተኛው 18 ትርታ ነው። ስምምነቱ ለችክችካ በቂ ቦታ አለው። ያጠበቡት ከላዩ የተሠሩት መሣሪያዎች ናቸው።)

ሁለተኛው መንገድ ዲሌይ ለሌለው ተጫዋች ነው። ማሚቶውን ራሱን ፒቲ2399 በተባለው አይሲ መሥራት ይቻላል። ይህ ባለ 16 እግር አይሲ ኤኮ ባላቸው የካራኦኬ ሚክሰሮችና የማይክራፎን አምፕሊፋየሮች ውስጥ የተለመደ በመሆኑ፣ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠጋኞች ዘንድ ከተጣለ ሰሌዳ ላይ ሊነቀል ይችላል። የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። የማሚቶ ጊዜውን የሚወስነው ከስድስተኛው እግር ወደ መሬት በሚያያዘው ሬዚስተር ሲሆን ግንኙነቱ በጥሩ ግምት ቀጥተኛ ነው፦ ጊዜው በሚሊሰከንድ፣ በኪሎኦም የተለካው ሬዚስተር በ11.46 ተባዝቶ 29.7 ሲደመርበት ይገኛል። 333.3 ሚሊሰከንድ ለማግኘት 26.5 ኪሎኦም፣ ንዑስ ምቱን 166.7ን ለማግኘት ደግሞ 12 ኪሎኦም ገደማ ያስፈልጋል።

ይህን ሬዚስተር አርዱይኖው እንዲለውጠው ኤምሲፒ41050 የተባለ ዲጂታል ፖቴንሽዮሜትር ከ2.7 ኪሎኦም ቋሚ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ይያያዛል። ዲጂታሉ 50 ኪሎኦሙን በ256 ደረጃዎች ስለሚከፍል አንዱ ደረጃ 195 ኦም፣ በጊዜ ሲተመን 2.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከላይ ካየነው የ41.7 ክፍተት አንጻር ይህ በቂ ጥራት ነው። ቋሚው ሬዚስተር ሁለት ሥራ አለው፤ ጊዜው ከ60 ሚሊሰከንድ በታች እንዳይወርድ ያደርጋል፣ በዲጂታሉ ውስጥ የሚያልፈውም ኤሌክትሪክ ከአንድ ሚሊአምፔር እንዳይበልጥ ይገታል። ፒቲ2399 ኃይል በሚያገኝበት ቅጽበት ስድስተኛው እግሩ በጣም አነስተኛ ሬዚስተር ካገኘ ተቆልፎ ድምፅ አልባ ሆኖ የመቅረት ጠባይ አለው። ኤምሲፒ41050 ግን ሲበራ ሁልጊዜ ከመካከለኛው ደረጃ ስለሚጀምር ችግሩ አይደርስም። መብራት በዘፈን መካከል ጠፍቶ በሚመለስበት ከተማ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም።

የዲጂታል ፖቴንሽዮሜትሮች ጠቅላላ ዋጋ ከተጻፈባቸው በጉልህ ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ በመልቲሜትር ተለክቶ እውነተኛው ዋጋ በፕሮግራሙ ውስጥ ይግባ። ሌላው ገደብ የድምፅ ጥራት ነው፤ ፒቲ2399 ከ350 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ጫጫታው እየጨመረ ድምፁ ይሻክራል። ውጤቱ ከዚህ ሲበልጥ ፕሮግራሙ ግማሹን እንዲወስድ ይደረጋል። ለችክችካ የሁለት ሦስተኛ ግማሽ አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ማሚቶው አሁንም በንዑስ ምት ላይ ያርፋል። ለሬጌ ደግሞ ምቱን በእጥፍ ፍጥነት እንደ መቁጠር ነው፤ በ800 ሚሊሰከንድ ምት 600 የነበረው 300 ይሆናል።

የእግር ሰሌዳው

ድምፅን በእግር መግራት በሙዚቃችን የቆየ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ዋ-ዋ የተባለው የጊታር ፔዳል በግልጽ ይሰማል። የዋ-ዋው ልብ እግር ሲወርድና ሲወጣ የሚያዞረው ፖቴንሽዮሜትር ነው፤ የእኛም እንዲሁ ነው። አስቸጋሪው የእግርን አጭር እንቅስቃሴ ወደ ፖቴንሽዮሜትሩ ረጅም ዙረት መለወጥ ነው። የእግር ሰሌዳ ምቾት ሳይነሳ የሚንቀሳቀሰው 10 ዲግሪ ያህል ሲሆን ፖቴንሽዮሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ 270 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። በቀጥታ ቢያያዙ ከዙረቱ ጥቅም ላይ የሚውለው ከሃያ ሰባት አንድ እጅ ብቻ ይሆናል።

ፋብሪካዎች ይህን በጥርስ ማርሽ ይፈቱታል። እዚህ ግን የዓሣ አጥማጆች ናይለን ክር ይበቃል፤ በሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ክር ሩቅ አይደለም። የፖቴንሽዮሜትሩ ዘንግ ዲያሜትር 6 ሚሊሜትር ስለሆነ 270 ዲግሪ ሲዞር የሚጎትተው ክር 14 ሚሊሜትር ነው። በ10 ዲግሪ እንቅስቃሴ 14 ሚሊሜትር የሚጓዘው የሰሌዳው ነጥብ ከማጠፊያው 8 ሴንቲሜትር ላይ ይገኛል። ክሩ እዚያ ይታሰራል፣ ዘንጉን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፣ ሌላው ጫፉ በደካማ ስፕሪንግ ይወጠራል። ዘንጉ ላይ እንዳይንሸራተት በትንሽ የእንጨት ሙጫ ወይም በአሸዋ ወረቀት ማሻከር ያስፈልጋል። ለሰሌዳው ራሱ ጠንካራ እንጨትና የበር ማጠፊያ ይበቃሉ። የተበላሸ የኤሌክትሪክ ልብስ ስፌት መኪና የእግር መርገጫ የተገኘ እንደሆነ ቀፎው ተስማሚ ነው። የውስጡ ዕቃ ግን በ220 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ ከነገመዱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መጣል አለበት፤ ግማሹን እንኳ መጠቀም አይገባም።

ይህ ሰሌዳ ምኑን ይቆጣጠር? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የማሚቶ ጊዜውን ነው። በፒቲ2399 ላይ ግን ጊዜው በተለወጠ ቁጥር በውስጡ ያለው ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት አብሮ ይዛባል። በደብ ይህ መዛባት ተፈላጊ ጌጥ ነው፤ በቅኝት ላይ ለቆመ ዜማ ግን ቅኝቱን ያፈርሳል። ስለዚህ ጊዜውን ለርግጫው ትተን ሰሌዳውን ለማሚቶው ዕድሜ፣ ማለትም ወደ መሣሪያው ተመልሶ ለሚገባው ድምፅ መጠን መስጠት ይሻላል።

የመጠኑና የዕድሜው ግንኙነት ቀጥተኛ አይደለም። እያንዳንዱ ምላሽ ከቀደመው 0.5 እጅ ቢሆን ድምፁ ወደ አንድ ሺኛ እስኪወርድ 10 ምላሾች ይወስዳል፤ በ333 ሚሊሰከንድ ሲሰላ 3.3 ሰከንድ ነው። በ0.3 ወደ 1.9 ሰከንድ ያጥራል፣ በ0.7 ወደ 6.5 ይረዝማል፣ በ0.9 ግን 22 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። አንድን ሲያልፍ ማሚቶው ራሱን እያሳደገ ወደ ጩኸት ይለወጣል። የእግር ሰሌዳው የመጨረሻ ጥቂት ሚሊሜትሮች ሁሉን ነገር እንዳይወስኑት ከ10 ኪሎኦሙ ፖቴንሽዮሜትር በፊት ያው 2.7 ኪሎኦም ሬዚስተር በተከታታይ ይግባ፤ ጣሪያው 0.79 አካባቢ ይቆማል። ይህንኑ ሰሌዳ ወደ ተገዛ ዲሌይ መሰኪያ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ተንቀሳቃሹ እግር በአንዳንድ ሠሪዎች ከመሰኪያው ጫፍ፣ በሌሎች ከመካከለኛው ቀለበት ጋር እንደሚያያዝ ይወቅ።

ዕድሜውን በእግር መያዝ የሚጠቅምበት ምክንያት በቅኝቶቹ ላይ በግልጽ ይታያል። ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በውስጡ ግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ጎረቤቶች የሉም። ያለፉት ኖታዎች ማሚቶ በአዲሶቹ ላይ ቢደራረብ እርስ በርስ ይተቃቀፋሉ እንጂ አይጋጩም፤ ሰሌዳውን ረዘም አድርጎ መርገጥ ይቻላል። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ በመሆኑ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፆች ይገኛሉ፤ ዶና ዝቅ ያለው ሬ፣ ፋና ዝቅ ያለው ሶል። አምባሰልም እንዲሁ ሁለት አለው። እነዚህ ጎረቤቶች በተከታታይ ሲመቱ ጣዕም ናቸው፤ ማሚቶ አንድ ላይ ሲያሰማቸው ግን ይፋጫሉ። ስለዚህ በአንቺሆዬ ሐረጉ ወደ ግማሽ ድምፁ ሲቃረብ እግርን ማንሳት፣ ካለፈ በኋላ መልሶ መርገጥ ያስፈልጋል። በእጅ የሚዞር ማዞሪያ ይህን ሊያደርግ አይችልም። የክራር ተጫዋች ክሩን በጣቱ አፍኖ ዝም እንደሚያሰኘው ሁሉ እዚህ እግር የጣትን ሥራ ይሠራል።

ፍተሻ

የተሠራውን ፔዳል ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጊታሩ ክር አንዱን በአጭሩ መትቶ ድምፁንና ማሚቶውን በኮምፒዩተር መቅረጽ፣ ከዚያም አውዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት ማንበብ ይበቃል። ፍተሻው ቢያንስ በሦስት ፍጥነቶች ይደረግ፤ በደቂቃ 100፣ 120 እና 140 ምት። ለሁለት ሦስተኛ ንባቡ 400፣ 333.3 እና 285.7 ሚሊሰከንድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው የ350 ገደብን ስለሚያልፍ በፒቲ2399 መውጫ 200 ሆኖ ይነበባል፤ ይህ ግማሽ የመውሰድ ደንቡ መሥራቱን ያሳያል። ስሕተቱ በሦስቱም ላይ በአንድ አቅጣጫ ቢያደላ ጥፋቱ ያለው በዲጂታሉ ፖቴንሽዮሜትር ልኬት ውስጥ ነው። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ከሆነ ግን የእግር ቁልፉን መንጠር መመርመር ይገባል።

ከእንግዲህ የሚቀረው ምት የሌለው ሙዚቃ ነው። ትዝታ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያለ ከበሮ፣ ዘፋኙ እንደ ስሜቱ በሚያስረዝመው መግቢያ ነው። በዚያ ላይ ምት መርገጥ ትርጉም የለውም። ለዚህ ሲባል የምት ቁልፉ ለሁለት ሰከንድ ተረግጦ ከተያዘ ፕሮግራሙ ስሌቱን ትቶ የማሚቶ ጊዜውን በ340 ሚሊሰከንድ እንዲያቆም ተደርጓል። ከበሮው ሲገባ ተጫዋቹ አምስት ጊዜ ይረግጣል፤ አራተኛው ክፍተት እንደተዘጋም ማሚቶው ወደ ምቱ ይገባል።